ሽፋኑ ያልጠነከረ የልጅ መንጋጋ ቀዝቃዛ ሲነካው ለሚያመው

ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት መንጋጋዎቹ ጀርባ አራት አዳዲስ መንጋጋዎች ይወጣሉ። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚበቅሉ የወተት ይመስላሉ እንጂ ቋሚዎች ናቸው። አንዱ ቢጫ ወይም ቡናማ ነቁጥ ይዞ ከወጣና ጠርዙ ከተፈረፈረ፣ ሽፋኑ ሲሠራ አልጠነከረም ማለት ነው። ቅዝቃዜና ጎምዛዛ ነገር በቀላሉ ወደ ውስጥ ይዘልቅበታል። ልጁም ብሩሽ አያስነካም፤ ያልተቦረሸው ጥርስ ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል።

መጀመሪያ ሳሙናው። ሁሉንም ኮልጌት ብንለውም አንድ አይደሉም፤ ከፒያሳም ይግዙ ከካዛንቺስ ጀርባውን ያንብቡ። ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ppm ተብሎ የሚጻፍ የመጠን መለኪያ) ፍሎራይድ፣ ማለትም ጥርስ የሚያጠነክር ማዕድን፣ ያስፈልጋል፤ የካርቱን ሥዕል ካለባቸው አንዳንዶቹ ጭራሽ የላቸውም። ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ የአተር ፍሬ የምታህል ይበቃል። ለአዋቂ ጥርስ መጥረስ የሚሸጠውን ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያለ ሐኪም ምክር አይስጡ። ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። መፋቂያ ለጤነኛ ጥርስ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግን ይከብዳል። ከሰል፣ ጨውና ሎሚ ፈጽሞ አይነኩት።

አስቸጋሪው መቦረሹ ነው። በኅዳርና በጥር ጠዋት የቧንቧ ውሃ ራሱ ስለሚወጋው ከፔርሙዝ ቀላቅለው ለብ ያድርጉት፤ ብሩሹንም በእሱ ያርጥቡ። ልጁን ወደ መስኮት አዙረው ጭንቅላቱን ጭንዎ ላይ ያስተኙ። ገና በመውጣት ላይ ያለ መንጋጋ ከጎረቤቶቹ ዝቅ ስለሚል ፊት ለኋላ የሚሄድ ብሩሽ ከላዩ ያልፋል እንጂ አይነካውም። ስለዚህ አፉን በጣም አያስከፍቱት፤ ሲከፈት ጉንጩ ይወጠርና ቦታ ይጠፋል። ገርበብ አድርጎ ይክፈት፣ ጉንጩን በጣትዎ ሳብ ያድርጉ፣ ብሩሹን ከጎን አግድም አስገብተው በጫፉ ቀስ ብለው ያሹ። ከማያመው ጎን ይጀምሩ፣ የሚያመውን መጨረሻ ያድርጉት። ሲያልቅ አረፋውን ይትፋ እንጂ በውሃ አይጉመጥመጥ፤ ከተጉመጠመጠ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል። ማታ ከመተኛቱ በፊት ጥቂት ሳሙና በጣት ጥርሱ ላይ ቀብተው ይተዉት።

ለስላሳ መጠጥ፣ ብርቱካን ወይም አምቦ ውሃ ከወሰደ ለብ ባለ ውሃ ይጉመጥመጥ፤ ለመቦረሽ ግን ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ።

ሐኪም ዘንድ ሕመሙ ሳይብስ ይሂዱ። ነርቩ ለረጅም ጊዜ ከተቆጣ የማደንዘዣ መርፌ በደንብ አይሠራም፤ ልጁም ከዚያ በኋላ የሐኪም ወንበር ይፈራል። ሌሊት ከእንቅልፉ ካስነሳው ወይም ጉንጩ ካበጠ በዚያው ቀን ይውሰዱት፤ አስፕሪን ድዱ ላይ አያስቀምጡ፣ ያቃጥላል። ልጁ መተሐራ ወይም ዝዋይ አካባቢ አድጎ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የዚያ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የጥርሱ ችግር ሌላ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ጊዜ በየሦስት ወሩ ፍሎራይድ ቫርኒሽ (ጥርስ ላይ የሚለጠፍ የፍሎራይድ ቅብ) ይቀባለታል፤ መሰርሰሪያ የለውም። የተፈረፈረውን ደግሞ በግላስ አዮኖመር (የጥርስ መሙያ ዓይነት) ይሸፍኑታል። ከቫርኒሹ በኋላ ጥርሱ ቢጫ ቢመስል አይደንግጡ፤ ያን ቀን ቆሎና ትኩስ ነገር አይስጡት፣ እስከ ማግስቱ ጠዋትም አይቦርሹት።