ሐይቅ ዳር ለሚውል ልጅ የቲሸርት ቀለም ምረጡ

ልጆቻችሁን ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ሐይቅ ለክረምት ካምፕ የምትልኩ ወላጆች፣ ሰማያዊ፣ ግራጫ ወይም ነጭ ልብስ አታልብሷቸው። ብርቱካናማ ይሁን፤ ካልሆነም እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሰደርያ ዓይን የሚወጋ ቢጫ። ሰማያዊው ከውሃው ጋር ይመሳሰላል፤ ነጩን ደግሞ ውሃው ላይ ካረፈው የደመና ነጸብራቅ መለየት ይከብዳል። በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሲዳምን።

እኔ በሰማያዊ ሳፋ ሞከርኩት። ሁለት ቲሸርት ነክሬ አሥር እርምጃ ራቅሁ። ሰማያዊዋ ጭራሽ ጠፋችብኝ፤ ብርቱካናማዋ ከሩቅ ጠራችኝ። እናንተም ሞክሩት፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሹራብ ግን ቀለሙ የፈለገውን ያህል ቢደምቅ ይቅር፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። ደግሞ ቀለም ጠባቂን አይተካም። ዋና ለማይችል ልጅ፣ እጁ የሚደርስለት አዋቂ አጠገቡ ከሌለ ውሃው ውስጥ አይግባ።