ሰርቮ ወይስ ስቴፐር? ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ዙሩን አስሉ

ሲኤንሲ ማሽኔ፣ ማለትም በኮምፒውተር እየታዘዘ የሚቆርጥና የሚቀርጸው፣ ያለው ከግቢያችን ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ስፋቱ 90 በ60 ሴንቲ ሜትር ነው። በብዛት ዋንዛና ኤምዲኤፍ እቆርጥበታለሁ፤ አልፎ አልፎም አሉሚኒየም። ሲኤንሲ በቤቱ ሊሠራ ያሰበ ሰው ሁሉ መጥቶ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሰርቮ ልግዛ ወይስ ስቴፐር?» እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ። ሞተርህ በደቂቃ ስንት ዙር እንዲዞር ነው የምትፈልገው?

ይህን ያስተማረኝ አንድ የአልጋ ራስጌ ነው። ዋንዛው ላይ ሐረግ እየቀረጽኩ ነበር። ማሽኑ አራት ሰዓት ሙሉ ሠርቷል። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጠጋ ብዬ ሳየው ቅጠሎቹ ከግንዳቸው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ ሸሽተዋል። ማሽኑ አልቆመም። ኮምፒውተሩም ምንም አላለም። ጣውላው ግን ተበላሸ።

ስቴፐር እንዲህ ነው። አንድን ዙር በ200 እርምጃ ይከፍለዋል፤ አንዱ እርምጃ 1.8 ዲግሪ ነው። ሞተሩን የሚያዝዘው ሰርኪዩት፣ ድራይቨሩ፣ «ተራመድ» ይለዋል እንጂ መራመዱን አያጣራም። ሰርቮ ከኋላው ዙሩን የሚቆጥር ኢንኮደር ስላለው የት እንደደረሰ ያውቃል፤ ከታዘዘበት ወደኋላ ከቀረ ያስተካክላል፣ ካቃተው ደግሞ አላርም ሰጥቶ ይቆማል።

ያን ቀን «ሰርቮ መግዛት አለብኝ» አልኩ። ዋጋ ጠይቄ ስመለስ ግን ቁጭ ብዬ አሰላሁ። የሞተሩን ዙር ወደ ቀጥታ ጉዞ የሚቀይረው ጥርሳም ዘንግ፣ ቦል ስክሩ፣ የእኔው በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ማሽኑን ሳይቆርጥ በባዶው ሲሮጥ በደቂቃ 5,000 ሚሊ ሜትር ላይ ነበር ያደረግኩት። ይህ 1,000 ዙር በደቂቃ ነው። ፓወር ሰፕላዬ ደግሞ 24 ቮልት ብቻ።

ችግሩ እዚያ ነበር። ስቴፐር ላይ የሚጻፈው ጉልበት ሞተሩ ቆሞ ሲይዝ ያለው ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ከረንቱ ጥቅልሉን ለመሙላት ጊዜ ያጥረዋል፤ ጉልበቱም ይወርዳል። ቮልቴጅ ከፍ ሲል ከረንቱ ቶሎ ይገባል። ድራይቨሬ እስከ 80 ቮልት ስለሚችል ፓወር ሰፕላዩን በ48 ቮልት ቀየርኩ። የባዶ ሩጫውን ወደ 3,500 አወረድኩ፣ የአነሳሱን ፍጥነትም ቀነስኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ሐረግ አልሸሸብኝም። እናንተም ድራይቨራችሁ ላይ የተጻፈውን ገደብ እዩ፤ ገደቡ ጫፍ ድረስ ግን አትሂዱ። ሞተሩ ሲቆም ኃይል ወደኋላ ይመልሳልና።

እንግዲህ ሰርቮ መቼ ነው? 400 ዋት የሆነ የተለመደ ሰርቮ 3,000 ዙር ላይ እንኳ 1.27 ኒውተን ሜትር ሳያቋርጥ ይሰጣል፤ ለአፍታ ደግሞ የዚህን ሦስት እጥፍ ያህል። ስለዚህ ሙሉ የኤምዲኤፍ ጣውላ የሚያህል ጠረጴዛና መቁረጫውን የተሸከመ ከባድ ድልድይ ካላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ የምትሠሩ ከሆነ፣ ሰርቮ ግዙ። ገንዘቡን ይመልሳል። በ5 ሚሊ ሜትር ስክሩ በደቂቃ 800 ሚሊ ሜትር እየሄዳችሁ አሉሚኒየም የምትቆርጡ ከሆነ ግን ሞተሩ የሚዞረው 160 ዙር ብቻ ነው። እዚያ ላይ ስቴፐር ጉልበቱ ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። ለማትጠቀሙበት ፍጥነት አትክፈሉ።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላም አለ፤ መቆጣጠሪያ ቦርዱ። አርዱዪኖ ኡኖ በምትባለው ትንሽ ቦርድ ላይ የሚሠራው ጂአርቢኤል የተባለው ፕሮግራም በሰከንድ 30,000 ያህል ፐልስ (የመራመጃ ትዕዛዝ) ነው የሚሰጠው። ሰርቮውን በአንድ ዙር 10,000 ፐልስ ላይ ካደረጋችሁት በሰከንድ 3 ዙር፣ በደቂቃ 180 ዙር ብቻ ያገኛል። ውድ ሞተር ገዝታችሁ ከስቴፐር የዘገየ ማሽን ማለት ነው። ወይ የድራይቨሩን የፐልስ ቁጥር ቀንሱ፣ ወይ ቦርዱን ቀይሩ። ሰርቮ ደግሞ ማስተካከል ይፈልጋል፤ ጌይኑ፣ ማለትም ስህተቱን ለማረም የሚቸኩልበት መጠን፣ ከበዛ ቆሞ እንኳ ያንዘፈዝፈዋል። ብዙዎቹ ድራይቨሮች 220 ቮልት በቀጥታ ስለሚወስዱ ኧርዝ ሳታስሩ እንዳታበሩ። አደራ።

መሀል ላይ ኢንኮደር ያለው ስቴፐር አለ፤ ክሎዝድ ሉፕ ይሉታል። የብሎን ቀዳዳዎቹ ኔማ 23 እንደሚባለው የተለመደ የስቴፐር መጠን ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳትበሱ ይገጥማል። ዛሬ ከዜሮ ብጀምር የምገዛው እሱን ነው። ነገር ግን የአላርሙን ሽቦ ከቦርዱ ጋር አገናኙት። ካልሆነ አንዱ ሞተር ቆሞ ሌሎቹ እንጨቱን እያረሱ ይቀጥላሉ።

ሰርቮ የማያድናችሁ ነገርም አለ። ኢንኮደሩ የሚያየው የሞተሩን ዘንግ እንጂ ጠረጴዛውን አይደለም። ሞተሩንና ስክሩን የሚያገናኘው ካፕሊንግ ከላላ ሁሉም ነገር ትክክል መስሎት ይቀርጻል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አብዛኞቹ ያሉበትን ቦታ ይረሳሉ፤ ስቴፐርም ሰርቮም። ለእኛ አገር መብራት፣ ማሽኑ መነሻ ቦታውን የሚያገኝበት የሆሚንግ ስዊች ከሞተሩ ቀድሞ የሚገዛ ነው።

ያላችሁ ሞተር ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ መቁረጫውን የሚያዞረውን ስፒንድል አጥፉና በመቁረጫው ቦታ እርሳስ እሰሩ። ወረቀት ለጥፋችሁ አንዲት ነጥብ አድርጉ። እርሳሱን ከፍ አድርጋችሁ ማሽኑን 20 ደቂቃ በሙሉ ፍጥነቱ ወዲያና ወዲህ አስሩጡት። ከዚያ ወደ ነጥቡ መልሱትና እርሳሱን አውርዱ። ነጥቧ አንድ ከሆነች ሞተራችሁን አትንኩት። ሁለት ከሆነች መጀመሪያ ካፕሊንጉን አጥብቃችሁ ድገሙት፣ ቀጥሎ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ቀጥሎ ቮልቴጁን እዩ። ከዚህም በኋላ ሁለት ከሆነች ያኔ ወደ ገበያ ውጡ።