ከኮምቦልቻ ሆኖ የአውሮፓ የፎቶኒክስ ፕሮጀክት ውስጥ መግባት እንዴት ይቻላል?

ይህን የምጽፈው ወሎ ውስጥ ለምታስተምሩ የኤሌክትሪካል፣ የኮምፒውተርና የፊዚክስ ሰዎች ነው። ኮምቦልቻም ሁኑ ደሴ፣ ወልድያም ሁኑ ቱሉ አውሊያ፣ ነገሩ ያው ነው። በየዓመቱ አንድ ሰው ቴሌግራም ላይ የሆነ የአውሮፓ ጥሪ፣ ማለትም ለምርምር ገንዘብ ፕሮፖዛል አስገቡ የሚል ማስታወቂያ፣ ሊንክ ይለቃል። ብዙ ጊዜ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው። ከዚያ ግርግር ነው። ማን ይፈርማል? ማኅተሙ የት ነው? ምክትል ፕሬዚዳንቱ አዲስ አበባ ሄደዋል። በዚህ መንገድ የተሳካለት ሰው አላየሁም፣ እናንተም አትድከሙ።

የሚያዋጣው መንገድ ረዘም ይላል፣ ግን አይከብድም። ጥሪው ሳይወጣ እዚሁ አካባቢያችሁ ያለና ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ አንድ ነገር መለካት ትጀምራላችሁ፣ ጎን ለጎን የተቋማችሁን ወረቀት ታስተካክላላችሁ፣ ከዚያ ሰው ትፈልጋላችሁ። ፕሮፖዛሉ የመጨረሻው ሥራ ነው።

ገንዘቡ የት እንዳለ ቶሎ ልበላችሁና ልለፍ። ሆራይዘን ዩሮፕ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2027 የሚቆይ የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ፕሮግራም ነው፣ በጀቱም ከ90 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ነው። በውስጡ ለእኛ ሙያ የሚሆኑ ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው 6ጂ፣ ማለትም ቀጣዩ የሞባይል ኔትወርክ ትውልድ ላይ የሚሠራው ስማርት ኔትወርክስ ኤንድ ሰርቪስስ የሚባለው የጋራ ድርጅት ነው። ኅብረቱ 900 ሚሊዮን ዩሮ መድቦለታል፣ ኢንዱስትሪውም ቢያንስ ያንኑ ያህል ሊያዋጣ ተስማምቷል። ሁለተኛው የፎቶኒክስ፣ ማለትም ብርሃንን ለመገናኛና ለመለኪያ የመጠቀም ሙያ፣ ሽርክና ነው። እዚያ ከኅብረቱ አስፈጻሚ አካል ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋር በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጠው ፎቶኒክስ 21 የተባለው የኩባንያዎችና የተመራማሪዎች ስብስብ ነው። ይህ ስብስብ የሚያወጣውን የምርምር አጀንዳ አውርዳችሁ አንብቡት፣ በነጻ ነው። የሚቀጥሉት ጥሪዎች ሐሳብ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይቀዳል፣ ስለዚህ ጥሪው ከመውጣቱ በፊት አቅጣጫውን ታውቁታላችሁ።

ኢትዮጵያ ከዚህ ፕሮግራም በቀጥታ ገንዘብ መቀበል ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። ግን ኮንሰርቲየም፣ ማለትም ፕሮጀክቱን አብረው የሚሠሩ ተቋማት ስብስብ፣ ለማቋቋም ቢያንስ ሦስት ተቋማት ከሦስት የተለያዩ አገሮች ያስፈልጋሉ። አንዱ የግድ ከኅብረቱ አባል አገር መሆን አለበት፣ ሁለቱ ደግሞ ከአባል ወይም ከተባባሪ አገሮች፣ ማለትም አባል ሳይሆኑ በስምምነት ፕሮግራሙን ከተቀላቀሉ አገሮች። እኛ ከእነሱ በላይ የምንጨመር ነን። በተለይ ኔትወርክ ላይ ያሉ አንዳንድ ጥሪዎች ደግሞ ለደኅንነት ሲባል ከውጭ ለሚመጣ ተቋም ዝግ ናቸው። የጥሪውን የብቁነት አንቀጽ ከሁሉም በፊት አንብቡ፣ ሐሳባችሁን ሁለት ወር ካበሰላችሁ በኋላ አይደለም።

ተጨማሪ መሆናችን ግን ትልቁን ጥያቄ ያመጣል። ያለ እናንተ ፕሮጀክቱ ምን ይጎድለዋል? «የአፍሪካ ተሳትፎ» መልስ አይደለም። ገምጋሚው ለጌጥ የገባ ፓርትነር ሲያይ ወዲያው ያውቃል። ቺፕ ዲዛይን ላይ እንደ ኔዘርላንድሷ አይንድሆቨን ካሉ የቴክኖሎጂ ከተሞች ጋር አንፎካከርም። ቦታችን ግን ቀልድ አይደለም።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ከዚያ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ብርሃንን ያለ ፋይበር በአየር ላይ የሚልክ ሊንክ ዋና ጠላቱ ጉም ነው፣ ምክንያቱም የጉም ጠብታዎች መጠን ለብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ስለሚቀርብ ክፉኛ ይበትኑታል። የሚሊሜትር ሞገድ ሬዲዮ ደግሞ ጉምን ያን ያህል አይፈራም፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ይዳከማል። ስለዚህ ሁለቱን አጣምሮ አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲሸከም የሚያደርግ ምርምር አለ። ይህን ለሚሠራ የአውሮፓ ቡድን በቀላሉ የማይገኘው ሐሩር ክልል ውስጥ ባለ ደጋ ላይ የተለካ መረጃ ነው። ዝናብ የሬዲዮ ሲግናልን ምን ያህል እንደሚያዳክም የሚሰላባቸው የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሞዴሎች አሉ፣ ግን እነዚያን ሞዴሎች ከአፍሪካ ደጋ በተወሰደ ልኬት የፈተነ ሰው ጥቂት ነው። እኛ ጋ በልግም ክረምትም ይዘንባል፣ ደሴ ላይ ጉሙ ሲወርድ ፊት ለፊት ያለው መኪና አይታይም፣ ከባቲ አልፋችሁ ስትወርዱ ደግሞ ሙቀትና አቧራ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን በመኪና ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። እንዲህ ያለ የመሞከሪያ ሜዳ በገንዘብ አይሠራም።

ሌላው እኔ በጣም የማምንበት ፋይበርን እንደ ሴንሰር መጠቀም ነው። መሬት ውስጥ በተቀበረ የቴሌኮም ፋይበር የሌዘር ምት ትልካላችሁ። ከመስታወቱ ውስጥ ተበትኖ ወደ ኋላ የሚመለሰው ጥቂት ብርሃን ገመዱ የት ላይ እንደተሳበና የት ላይ እንደተንቀጠቀጠ ይናገራል፣ ያውም በአሥር ኪሎ ሜትሮች በሚቆጠር ርዝመት። አሁን ከተማችንን አስቡ። ደሴ የመሬት መንሸራተት ስጋት ያለባት ከተማ ናት። ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ያለው ካራቆሬ እ.ኤ.አ. በ1961 በመሬት መንቀጥቀጥ ተመትቷል፣ ማጀቴም ያኔ ነው የፈራረሰችው። ስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ ነን፣ ፋይበሩም በየዳገቱ ተዘርግቷል። ምልክቱን የሚያነበው መሣሪያ ውድ ነው፣ እሱን ፓርትነሩ ያምጣ። እናንተ ቦታውን፣ ፈቃዱንና የጂኦሎጂ ዲፓርትመንቱን ሰው ታመጣላችሁ።

እንግዲህ መለካት ጀምሩ። ለዚህ የአውሮፓ ገንዘብ አያስፈልግም፣ ዩኒቨርሲቲው ከራሱ በጀት ለምርምር የሚሰጠው ቲማቲክ ግራንት ይበቃል። የዝናብ መለኪያ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ የጉሙን ጥቅጥቅነት የሚቀርጽ ካሜራ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያስቀጥል ባትሪና ሶላር። ሰዓቱ በትክክል የተመዘገበ፣ ዓመቱን ሙሉ ያልተቆራረጠ መረጃ ከአሥር ገጽ ስለ አቅማችን የተጻፈ ወሬ ይበልጣል። በ2014ቱ ጦርነት ቤተ ሙከራዎች የተዘረፉበት አካባቢ ነን፣ ያለንንና የሌለንን በግልጽ ጻፉ። የሌለ መሣሪያ አለ ብሎ መጻፍ ኋላ በፕሮጀክቱ መሀል ያዋርዳል።

ሰው ለማግኘት ኮርዲስ የሚባለውን የኮሚሽኑን ዳታቤዝ ክፈቱ። እስካሁን ገንዘብ ያገኙ ፕሮጀክቶች ከነተሳታፊዎቻቸው እዚያ አሉ። ርዕሳችሁን ፈልጉና በተደጋጋሚ ስማቸው የሚመጣውን ቡድኖች ያዙ። ከዚያ ለፕሮፌሰሩ ሳይሆን መጀመሪያ ጽሑፉ ላይ ስሙ ፊት ለሰፈረው ወጣት ተመራማሪ ጻፉ፣ እሱ ነው ኢሜይል የሚመልሰው። መልእክቱ አጭር ይሁን። ጽሑፋችሁን አንብቤዋለሁ፣ እኛ ይህን እየለካን ነው፣ አንድ ግራፍ አያይዣለሁ፣ በቃ። «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ዩኒቨርሲቲያችን በ...» ብሎ የሚጀምር የሁለት ገጽ ታሪክ ማንም አያነብም። ዶክትሬታቸውን ውጭ የሠሩ ባልደረቦቻችሁንም አትርሱ፣ አማካሪዎቻቸው ያውቋቸዋል። ጥሪ የሚወጣበትና ፕሮፖዛል የሚገባበት የኮሚሽኑ ፖርታልም ራሱ ፓርትነር መፈለጊያ አለው፣ ጥሪ ሲወጣ የሚደረጉት የማገናኛ መድረኮችም ብዙዎቹ ኦንላይን ናቸው።

አሁን ወደ አሰልቺው ክፍል። ተቋማችሁ ባለ 9 አሃዝ የተሳታፊ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል። አዲስ ከማውጣታችሁ በፊት ፖርታሉ ላይ የዩኒቨርሲቲውን ስም ፈልጉ። የኅብረቱ የትምህርት ፕሮግራም ኢራስመስ ፕላስም በዚሁ ቁጥር ስለሚሠራ ከዓመታት በፊት ሌላ ቢሮ አውጥቶት ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ጊዜ መመዝገብ ደግሞ መዘዝ ነው። ከዚያ ተቋሙን በፖርታሉ ላይ የሚወክል አንድ ሰው በኃላፊው ፊርማ ይሾማል። እዚህ ላይ አስተዋይ ሁኑ። በየስድስት ወሩ የሚቀያየር ኃላፊ ሳይሆን የሚቆይና ኢሜይሉን የሚከፍት ሰው ይሁን። የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ጉዳይም አሁኑኑ ከፋይናንስ ጋር ይነሣ።

ገንዘቡ ላይ ብዙ ሰው የሚያልመውና የሚያገኘው አይገጥምም። መጀመሪያ ምን ሆናችሁ እንደምትገቡ ጠይቁ። ተጠቃሚ የሚባለው ውል ይፈርማል፣ ገንዘብም ያገኛል። ተባባሪ ፓርትነር የሚባለው ግን ይሠራል እንጂ ከኅብረቱ ሳንቲም አያገኝም። ፈገግ ብለው ሁለተኛውን የሚሰጧችሁ አሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ቃሉን ፈልጉ። ደመወዝ በተለመደው አሠራር የሚሰላው በእውነት የምትከፈሉት ዓመታዊ ወጪ ለ215 ቀን ተካፍሎ ነው፣ ስለዚህ በእኛ ደመወዝ ማንም ሀብታም አይሆንም። ይልቅ ለፕሮጀክቱ ሰው መቅጠርና የዶክትሬት ተማሪ መያዝ ነው የሚበጀው። ስንት ቀን እንደሠራችሁም በየወሩ ተፈርሞ ይያዛል። መሣሪያ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ጥሪው ለየት ያለ ነገር ካልፈቀደ በስተቀር የሚከፈለው ሙሉ ዋጋው ሳይሆን በፕሮጀክቱ ዘመን የሚያረጀው ድርሻ ነው። የፋይበር መሞከሪያ ገዝታችሁ ግማሹ በዩኒቨርሲቲው ላይ እንዳይቀር አስቀድማችሁ አስሉ። በተቃራኒው ከቀጥተኛ ወጪው ላይ 25 ከመቶ እንደ ቢሮና መብራት ላለ ተዘዋዋሪ ወጪ ይጨመራል፣ ደረሰኝ አይጠየቅበትም። ይህ ገንዘብ ወደ ተቋሙ ነው የሚሄደው። ከዲኑና ከምርምር ቢሮው ጋር ከአሁኑ ተነጋግራችሁ ከፊሉ ለቤተ ሙከራው እንዲቀር በደብዳቤ አስይዙ፣ ገንዘቡ ከገባ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

ፕሮጀክቱ ካለፈ ተሳታፊዎቹ እርስ በርስ የኮንሰርቲየም ስምምነት ይፈርማሉ። እንደ ቅሬያችን (እድራችን) ነው፣ ደንቡ ላይ ያልተጻፈ ነገር ሐዘን ቤት ቁጭ ብሎ አይነሣም። ይዛችሁ የገባችሁትን መረጃና ሶፍትዌር በስም አስዘርዝሩ። የሁለት ዓመት የዝናብና የጉም ልኬታችሁ እዚያ ካልተጻፈ የማን እንደነበር ኋላ ያከራክራል። የውጤት ባለቤት የሚሆነው ያፈለቀው ተቋም ነው፣ ጽሑፎችም ወዲያው ለሁሉም ክፍት ሆነው መታተም አለባቸው። የማተሚያውን ወጪ በጀት ላይ አስገቡ።

ፕሮፖዛሉ ሦስት ክፍል አለው፦ የሳይንሱ ጥራት፣ የሚያመጣው ለውጥ፣ አፈጻጸሙ። እያንዳንዱ ከ5 ይታረማል። በተለመደው ሕግ በእያንዳንዱ 3፣ በድምር 10 ያላገኘ ይወድቃል። 10 አገኘ ማለት ግን ገንዘብ አገኘ ማለት አይደለም፣ ውድድሩ ከላይ ነው። አስተባባሪ ለመሆን አትቸኩሉ። አንድ ትንሽ ዎርክ ፓኬጅ (ከፕሮጀክቱ የሥራ ክፍሎች አንዱን) ወይም በውስጡ ያለ አንድ ተግባር ያዙና እሱን አንቀጽ በአንቀጽ ራሳችሁ ጻፉት፣ አስተባባሪው ስለ እናንተ እንዲጽፍላችሁ አትተዉት። የማስገቢያው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በብራስልስ 17:00 ነው። በእነሱ ክረምት ይህ ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፣ በእነሱ በጋ ደግሞ 12 ሰዓት። ፖርታሉ ሰዓቱ እስኪደርስ ደጋግሞ ማስገባት ይፈቅዳል፣ የመጨረሻው ነው የሚታየው። ስለዚህ ድርሻችሁን ከቀናት በፊት ላኩ። መብራትና ኔትወርክ መቼ እንደሚሄዱ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ይህ ሁሉ ከበዳችሁ? አብሽሩ፣ ጠባብ በርም አለ። ማሪ ስክሎዶቭስካ-ኩሪ በሚባለው የሆራይዘን ዩሮፕ ክፍል ሥር ያለው የሠራተኛ ልውውጥ ከ1 እስከ 12 ወር ሰው ወደ አውሮፓ ቤተ ሙከራ ያስልካል። መምህር ብቻ ሳይሆን ቴክኒሻንና የአስተዳደር ሠራተኛም ይሄዳል። ለእኔ ከዚህ ቢጀመር ነው የሚሻለው፣ ምክንያቱም ሰው ሳይተዋወቅ የተጻፈ ትልቅ ፕሮፖዛል ወረቀት ብቻ ነው። ትሪየስት ጣሊያን ያለው የአብዱስ ሰላም የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከልም በየዓመቱ ፌብሩዋሪ አካባቢ የኦፕቲክስ ዊንተር ኮሌጅ ያካሂዳል፣ ከታዳጊ አገር ለሚመጡም ድጋፍ ይሰጣል። ማስተርስ ተማሪዎቻችሁን አስመዝግቡ።

አገር ውስጥ ፈቃዱ ጊዜ ይበላል። ፋይበር ለመጠቀም ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር የመግባቢያ ሰነድ ያስፈልጋል። ሬዲዮ የምትሞክሩ ከሆነ የድግግሞሽ ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሌዘር ሊንክ በዚህ በኩል ይቀላል፣ ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ ከ3,000 ጊጋኸርዝ በላይ ያለውን አይመለከትምና። የመሣሪያው ጉምሩክ ግን ያው ጉምሩክ ነው። ለሱ የሚሄደውን ጊዜ ዎርክ ፓኬጁ ላይ በወራት አስቀምጡ፣ ፈረንጆቹ በሳምንት ይመስላቸዋል።

ውጤቱ ጥሪው ከተዘጋ በኋላ እስከ 5 ወር ይቆያል። ካላለፈ ከገምጋሚዎቹ የተጻፈ ሪፖርት ለአስተባባሪው ይደርሳል። ለእናንተ ሳይላክ ሊቀር ስለሚችል ራሳችሁ ጠይቁ። ስለ እናንተ ድርሻ የተባለውን ለይታችሁ አውጡ፣ ልኬቱን አታቋርጡ፣ ለዚያው ቡድን አዲሱን ግራፍ ላኩ።