በፒቱታሪ ሆርሞኖች ምርመራና ሕክምና ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር፣ በራስ ቅል አጥንት ላይ ባለ ጎድጓዳ ቦታ የተቀመጠች፣ የአተር ፍሬ የምታክል እጢ ናት፤ ክብደቷ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ታይሮይድን (አንገት ላይ ያለውን እጢ)፣ አድሬናልን (ከኩላሊት በላይ ያለውን እጢ)፣ ኦቫሪንና (የሴት እንቁላል ማመንጫውን) የወንድ ዘር ፍሬን የምታዝዘው እሷ በመሆኗ ስትታመም ሕመሙ የሌላ አካል መስሎ ይታያል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣውም የአንድን ሆርሞን ቁጥር ነጥሎ ከማንበብ ነው።

ቲኤስኤች ብቻ አይቶ ታይሮይድ ደህና ነው ማለት

ቲኤስኤች ፒቱታሪ ታይሮይድን የምታዝዝበት ሆርሞን ነው። የታመመው ታይሮይድ ራሱ ከሆነ ቲኤስኤች ከፍ ስለሚል ምርመራው አይስተውም። ጉዳቱ ፒቱታሪ ላይ ሲሆን ግን ቲኤስኤች ዝቅ ሊል፣ ልክ ሊሆን፣ አልፎ አልፎም በጥቂቱ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ፒቱታሪ ከተጠረጠረች ፍሪ ቲ4 (በደም ውስጥ በነጻ የሚዘዋወረው የታይሮይድ ሆርሞን) አብሮ መለካት አለበት። ፍሪ ቲ4 አንሶ ቲኤስኤች "መደበኛ" ከሆነ ያ መደበኛ ቁጥር ራሱ የሕመም ምልክት ነው፤ ጤነኛ ፒቱታሪ ብትሆን ቲኤስኤችን ከፍ ታደርግ ነበር። ሕክምና ከተጀመረ በኋላም የመድኃኒቱ (የታይሮይድ ሆርሞን ምትክ የሆነው ሌቮታይሮክሲን) መጠን የሚስተካከለው በፍሪ ቲ4 ነው። ቲኤስኤች ዝቅ ማለቱን አይቶ መጠኑን መቀነስ በሽተኛውን ወደ ነበረበት ድካም ይመልሰዋል።

ኮርቲሶል ሳይታይ ሌቮታይሮክሲን መጀመር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ሕይወት ያሳጣል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲሞላ ሰውነት ኮርቲሶልን (አድሬናል የሚያመነጨውን የጭንቀት ሆርሞን) ቶሎ ቶሎ ያስወግዳል፣ ፍላጎቱም ይጨምራል። ፒቱታሪ በቂ ኤሲቲኤች (አድሬናልን የምታዝዝበት ሆርሞን) ካልላከች አድሬናል ጉድለቱን መሙላት አይችልም፤ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ማስመለስ ይከተላል፣ የደም ስኳር ይቀንሳል፣ ሰውየው ራሱን ሊስት ይችላል። ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ የጠዋት ኮርቲሶል ይለካል፤ ካነሰ የኮርቲሶል ምትክ የሆነው ሃይድሮኮርቲዞን ይጀመራል (ለአዋቂ በተለምዶ በቀን ከ15 እስከ 20 ሚሊግራም፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ተከፍሎ፣ ትልቁ ድርሻ ጠዋት)፤ ሌቮታይሮክሲን ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ኮርቲሶልን ከሰዓት መለካት

ኮርቲሶል ማለዳ ከፍ፣ ማታ ዝቅ ይላል። ከሰዓት በኋላ ተወስዶ ዝቅ ያለ ውጤት ስለ እጥረት የሚነግረን ነገር የለም። ደሙ መወሰድ ያለበት ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከ3 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ እጥረት እንዳለ ያመለክታል፤ ከ15 በላይ ከሆነ እጥረት የመኖሩ ዕድል ጠባብ ነው። በመካከል ከወደቀ 250 ማይክሮግራም ሰው ሠራሽ ኤሲቲኤች ተወግቶ ከ30 እና ከ60 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። ይህ ምርመራ ግን ፒቱታሪ ከተጎዳች ጥቂት ሳምንት ብቻ ከሆነ ሊያሳስት ይችላል፤ አድሬናል ገና ስላልሟሸሸ ለመርፌው ምላሽ ይሰጣል። ኤስትሮጅን ያለው የወሊድ መከላከያ ክኒንም ጠቅላላውን ኮርቲሶል ከእውነተኛው በላይ ያሳያል።

የቆዳ መጥቆርን ወይም የፖታሲየም መጨመርን መጠበቅም አይገባም። እነዚህ አድሬናል ራሱ ሲታመም የሚመጡ ናቸው።

የእድገት ሆርሞንን አንዴ ለክቶ መፍረድ

ይህ ሆርሞን በየተወሰነ ሰዓት እየፈነጠቀ፣ ይልቁንም በእንቅልፍ ላይ፣ ስለሚወጣ አንድ ልኬት ብቻውን ዋጋ የለውም። መጀመሪያ የሚታየው አይጂኤፍ-1 (በእድገት ሆርሞን ትእዛዝ በዋናነት ከጉበት የሚወጣ ሆርሞን) ነው፤ እሱም ከዕድሜ ጋር ተነጻጽሮ።

ፕሮላክቲን ከፍ ሲል በቀጥታ ወደ ኤምአርአይ መሮጥ

ፕሮላክቲን የጡት ወተት እንዲመነጭ የሚያደርግ የፒቱታሪ ሆርሞን ነው። በቅድሚያ እርግዝና፣ የታይሮይድ ማነስ፣ የኩላሊት ድክመትና መድኃኒቶች ይጣሩ። ሜቶክሎፕራማይድ፣ ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን ዋነኞቹ ናቸው። ነገር ግን የአእምሮ ሕክምና መድኃኒትን ካዘዘው ሐኪም ጋር ሳይመካከሩ ማቋረጥ አይገባም። የመርፌ ጭንቀት ብቻውን በጥቂቱ ስለሚያሳድገው ጥቂት ከፍታ በድጋሚ ይለካ።

ተቃራኒው ስህተት ይበልጥ ይጎዳል። ኤምአርአይ ፒቱታሪ ላይ የበቀለ ከ3 ሴንቲሜትር የሚበልጥ ዕጢ (ቲዩመር) አሳይቶ ፕሮላክቲን ግን 80 ወይም 100 ናኖግራም በሚሊሊትር ብቻ ከሆነ፣ ላቦራቶሪው ናሙናውን 1 ለ 100 አቅጥኖ እንዲደግመው መጠየቅ ያስፈልጋል። ሆርሞኑ ከመጠን በላይ ሲበዛ የመለኪያውን ፀረ አካላት አጥለቅልቆ ውጤቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያልና። ቀጥኖ ሲለካ ቁጥሩ በሺዎች ከወጣ ዕጢው ፕሮላክቲን አመንጪ ነው፤ የመጀመሪያው ሕክምናም ብዙውን ጊዜ ፕሮላክቲንን የሚቀንሰው ካበርጎሊን ክኒን እንጂ ቀዶ ሕክምና አይደለም። ቀጥኖም ካልተለወጠ ዕጢው የፒቱታሪን ግንድ (ከአንጎል ጋር የሚያገናኛትን) ተጭኖ ሊሆን ይችላል።

ዴስሞፕሬሲን እየወሰዱ ከጥም በላይ ውሃ መጠጣት

ኤዲኤች (ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያደርግ ሆርሞን) እና ኦክሲቶሲን (የምጥ ሆርሞን) የሚሠሩት ሃይፖታላመስ በሚባለው፣ ከፒቱታሪ በላይ ባለ የአንጎል ክፍል ውስጥ ነው፤ የኋለኛው ፒቱታሪ ያከማቻቸዋል፣ ይለቃቸዋል። ኤዲኤች ጎድሎ ምትኩን ዴስሞፕሬሲን የሚወስድ ሰው ሲጠማው ብቻ ይጠጣ። አለዚያ ሶዲየም ወርዶ ራስ ምታት፣ መደናበር፣ ባስም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል።

ከወሊድ በኋላ የጡት ወተት አለመምጣትን ችላ ማለት

በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ወተት ካልመጣላት፣ የወር አበባዋም ካልተመለሰ፣ ፒቱታሪዋ በደም እጥረት ተጎድታ ሊሆን ይችላል። ድካሙን የአራስነት ነው ብሎ ማለፍ ዓመታት ያስቆጥራል።

በሕመም ቀን የሃይድሮኮርቲዞን መጠንን አለመጨመር

ጤነኛ አድሬናል ትኩሳት ሲኖር ብዙ ኮርቲሶል ያመነጫል፤ ክኒን የሚወስድ ሰው ግን ይህን ራሱ ማድረግ አለበት። ትኩሳት ሲኖር የዕለቱ መጠን በእጥፍ ወይም በሦስት እጥፍ ይወሰዳል፤ ሲሻል ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ካስመለሰ ክኒኑ አይረጋም፤ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን በመርፌ ተወግቶ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።