ሴይለር ሙንን ከ200 ክፍሉ ሳትደነግጡ እንዴት እንደምትጀምሩ

ሴይለር ሙን የተባለውን የጃፓን የካርቱን ተከታታይ (አኒሜ) መጀመሪያ የሞከርኩት ጊዜ አራተኛው ክፍል ላይ ተውኩት። ጭራቅ ይመጣል፣ ልጅቷ ትጮኻለች፣ ከየት መጣ ሳይባል ጽጌረዳ ይወረወራል፣ ጭራቁ ብን ብሎ ይጠፋል። በሚቀጥለው ክፍል ደግሞ ያው። «በቃ፣ ገባኝ» ብዬ ዘጋሁት። አልገባኝም ነበር። እኔ የማየው ጠቡን ነበር፤ ታሪኩ የሚሄደው ደግሞ ከጠቡ በፊት ባሉት አሥራ አምስት ደቂቃዎች ነው። ሁለተኛ ስጀምር በሌላ መንገድ ጀመርኩ፤ እነሆ መንገዱ።

መጀመሪያ የትኛውን እንደምታዩ ወስኑ

ስሙን ስትፈልጉ ሁለት ተከታታይ ይመጣላችኋል፤ የ1992ቱ እና የ2014ቱ። የምላችሁ የድሮውን ነው። ቶኤይ አኒሜሽን ሠርቶት በቲቪ አሳሂ ከመጋቢት 1992 እስከ የካቲት 1997 ድረስ በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ታየ (ቀኖቹ በፈረንጅ ናቸው)። በአምስት ምዕራፍ 200 ክፍል አለው።

መነሻው ናኦኮ ታኬኡቺ ናካዮሺ በተባለው የልጃገረዶች መጽሔት ላይ ትሥለው የነበረው ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚነገር የጃፓን ታሪክ ነው። መጽሔቱ የሚወጣው በወር አንዴ፣ አኒሜው የሚታየው በሳምንት አንዴ። አኒሜው የጀመረው ደግሞ ማንጋው ገና የጥቂት ወር ዕድሜ እያለው ነው። እናም ደራሲዎቹ ታሪኩ እስኪደርስላቸው ድረስ ክፍሎቹን በሆነ ነገር መሙላት ነበረባቸው። በምን ሞሉት? በማርፈድ፣ ፈተና በመውደቅ፣ በኬክ፣ በጌም ቤት፣ ከታናሽ ወንድም ጋር በመነታረክ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ድክመት ያየዋል። ለእኔ ትልቁ ሀብቱ እሱ ነው። የ2014ቱ ለማንጋው ይበልጥ ታማኝ ነው፤ ግን ይቸኩላል። ጀግናዋን ኡሳጊን ሳትለምዷት ወደ ትልቁ ምሥጢር ያስገባችኋል።

ከድሮውም ውስጥ ያልተቆረጠውን ያዙ። በ1995 ለአሜሪካ ሕፃናት ተብሎ በእንግሊዝኛ ሲዘጋጅ የመጀመሪያው ምዕራፍ 46 ክፍል ወደ 40 ወረደ። መጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ተጨፍልቀው አንድ ሆኑ። ኡሳጊ ሴሪና፣ ወጣቱ ማሞሩ ደግሞ ዳሪየን ተባሉ። ስለዚህ መለያው ቀላል ነው፤ ልጅቷ ገና ከመጀመሪያው ሴሪና ከተባለች ዝጉትና ሌላ ፈልጉ። በ2014 የወጣው አዲሱ የእንግሊዝኛ ቅጂ ምንም አልተቆረጠበትም፤ ስሞቹም እንደነበሩ ናቸው።

የውጭ ድራማ በአማርኛ ተተርጉሞ መስማት ለለመደ ጆሮ ጃፓንኛውን ከነጽሑፉ መከታተል መጀመሪያ ላይ ያደክማል። ቢሆንም ሁለት ክፍል ታገሱ። ኮቶኖ ሚትሱኢሺ የኡሳጊን ልቅሶ የምታወጣበት ድምፅ ብቻውን ትያትር ነው።

ስክሪናችሁን አትለጥጡት

ሥዕሉ በእጅ ተቀብቶ በፊልም የተነሣ፣ ለድሮው ሰፊ ላልሆነው ቴሌቪዥን የተሠራ ነው። ግራና ቀኝ ጥቁር ሆኖ ቢታያችሁ ተዉት፤ ሞልቶ ይታይ ብላችሁ ከለጠጣችሁት የልጆቹ ፊት እንደ ድፎ ዳቦ ይሰፋል። ዳታ ለሚቆጥብ ሰው ደግሞ መልካም ዜና አለ፤ ጥራቱን ወደ 480 ብታወርዱት ብዙም አትጎዱም።

ስሞቹን ከመነሻው ያዙ

ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል፤ እባካችሁ አትዝለሉት። ስሞቹ ሰምና ወርቅ ናቸው።

ጃፓኖች የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ። ወደ ሴይለር ሙን የምትቀየረው የጀግናችን ሙሉ ስም ትሱኪኖ ኡሳጊ ነው። ጆሮ የሚሰማው ደግሞ «ትሱኪ ኖ ኡሳጊ»፣ የጨረቃ ጥንቸል። ጃፓኖች ሙሉ ጨረቃ ላይ በሙቀጫ የሩዝ ሊጥ የምትወቅጥ ጥንቸል ይታያቸዋል። የአሥራ አራት ዓመቷ ተማሪ በስሟ ብቻ ከየት እንደመጣች ነግራናለች፤ እሷ ራሷ ግን ገና አታውቅም።

ጓደኞቿም እንደዚያው ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የአንድ ፕላኔት ስም ወደያዘ ጀግና ይቀየራሉ። በጃፓንኛ ሜርኩሪ «የውሃ ኮከብ»፣ ማርስ «የእሳት ኮከብ»፣ ጁፒተር «የእንጨት ኮከብ» ይባላሉ። አሁን የልጆቹን ስም እዩ። ሜርኩሪ የምትሆነው አሚ ሚዙኖ ናት፤ ሚዙ ውሃ ነው። ማርስ የምትሆነው ሬይ ሂኖ ናት፤ ሂ እሳት። ጁፒተር ማኮቶ ኪኖ ናት፤ ኪ ዛፍ። ቬነስ የምትሆነው ሚናኮ አይኖ ብቻ ከመስመሩ ወጣ ትላለች፤ አይ ፍቅር ማለት ነው።

ጠላቶቹ ደግሞ ድንጋይ ናቸው። ጄዳይት፣ ኔፍራይት፣ ዞይሳይት፣ ኩንዛይት፣ ንግሥታቸው ቤሪል፤ ሁሉም የማዕድን ስም ነው። ታኬኡቺ ፋርማሲ የተማረች ሴት መሆኗን ስታውቁ አይገርማችሁም።

አንድ ክፍል እንዴት ይታያል

አንዱ ክፍል ሃያ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ዓይናችሁን የት እንደምታሳርፉ ልንገራችሁ።

ክፍል 1ን ክፈቱ። ኡሳጊ ከመቶ 30 ያገኘችበትን የፈተና ወረቀት ጨምድዳ ወደ ኋላዋ ትወረውረዋለች። ወረቀቱ አንድ ወጣት ጭንቅላት ላይ ያርፋል። ገልጦ ያነበዋል። 30? ይስቅባታል። በዚያ ላይ ጸጉሯን አይቶ «ኦዳንጎ» ይላታል። ኦዳንጎ ማለት ከሩዝ ዱቄት የሚሠራ ድቡልቡል ጣፋጭ ነው፤ የጸጉሯ ሁለት ጉንጉኖች እሱን ይመስላሉ። ትናደዳለች። ምላሷን አውጥታበት ትሄዳለች። ልጁ ማሞሩ ቺባ ነው። እንግዲህ ማታ ማታ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ዓይኑን ሸፍኖ፣ ጽጌረዳ እየወረወረ የሚያድናት ታክሲዶ ማስክም እሱ ነው። ቀን ላይ የምትጠላውን ሰው ማታ ትወደዋለች። ሁለቱም አያውቁም። እናንተ ብቻ ታውቃላችሁ።

ከዚህ በኋላ በየክፍሉ አንድ ጥያቄ ያዙ፤ ዛሬ ምን ተባባሉ? ስድቡ ቀስ በቀስ እየለዘበ ሲሄድ ታያላችሁ። አንዳንዴ ለውጡ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ፍቅሩ የተጻፈው እዚያ ውስጥ ነው።

ጠቡስ? ጠቡ ሆን ተብሎ የተደጋገመ ነው። ልብሷ በብርሃን የሚቀየርበት ሥዕል አንዴ ተሠርቶ በየክፍሉ ይገባል፤ በየሳምንቱ አንድ ክፍል ማድረስ ለሚጠበቅበት ስቱዲዮ ጊዜም ገንዘብም ያተርፋል። አዲስ ልጅ በተጨመረች ቁጥር አንድ ጊዜ በደንብ እዩት፤ ከዚያ ወዲያ ዘልላችሁት ሻይ ብታፈሉ ቅር የሚለው የለም። እኔ አልዘልም። ሙዚቃውን እወደዋለሁ።

ነገር ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ቀለማቸው የተለያየ አምስት ጀግኖች በቡድን ሲዋጉ ማሳየት በጃፓን ቴሌቪዥን ከ1975 ጀምሮ የወንዶች ልጆች ፊልም ወግ ነበር። ታኬኡቺ ያንን ወግ ወስዳ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አለበሰችው። ሴይለር የሚባለው ያ ባሕርተኛ የሚመስል የጃፓን ሴት ተማሪዎች ልብስ ነው። ጀግናይቱ ከጭራቁ እየሸሸች የምታለቅስ መሆኗ ግን የታኬኡቺ የራሷ ፈጠራ ነው።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ መንገድ ይዛችሁ ሂዱ

ጊዜ ያለው ሰው 46ቱንም በቀን ሁለት ሁለት ያድርግ። ከዚያ በላይ አትብሉት፤ በሳምንት አንዴ እንዲታይ የተሠራ ነገር በአንድ ቀን ስምንት ሲሆን ይሰለቻል። እኔን አራተኛው ክፍል ላይ ያስቆመኝ ይኸው ነው።

ጊዜ የሌለው እነዚህን ይያዝ። 1። ከዚያ አሚ የምትመጣበት 8 እና ሬይ የምትመጣበት 10። የጄዳይት ነገር የሚያልቅበት 13። ከ22 እስከ 24 ያሉትን ሦስቱን ሳታቋርጡ። ማኮቶ 25 ላይ፣ ሚናኮ 33 ላይ ይመጣሉ። 34 እና 35 ምሥጢሩ የሚፈታባቸው ናቸው። ከዚያ የመጨረሻዎቹ ሦስት፤ 44፣ 45፣ 46።

24 ላይ ቆም እንበል። ናሩ የምትባል የኡሳጊ የክፍል ጓደኛ አለች። ኃይል የላትም፣ ልብስ አይቀየርላትም፣ ተራ ልጅ ናት። ይህች ልጅ ኔፍራይትን ወደደች፤ ጠላት መሆኑን ካወቀች በኋላም። እሱ ፍቅሯን ሊጠቀምበት ነበር የቀረባት። ሁለቱ አብረው ቸኮሌት ፓርፌ ስለመብላት የሚያወሩበት ቦታ ሲደርስ ስልካችሁን አስቀምጡ። ከዚህ በላይ አልናገርም። «የልጆች ፊልም» ማለቱን የተውኩት ግን እዚያ ነው።

ከልጆች ጋር ለምታዩ

45ኛው ክፍል ከባድ ነው። የጃፓን ሕፃናት በዚያ ቅዳሜ ማታ ምን እንደሚጠብቃቸው ሳያውቁ ነው የተቀመጡት። ትንሽ ልጅ አጠገባችሁ ካለ ቀድማችሁ ብቻችሁን እዩት። ሌላም አለ። በዚህ አኒሜ ማሞሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ኡሳጊ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ማንጋው ላይ እሱም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ ለምን እንዳሳደጉት አይገባኝም። ዛሬ ሲታይ ይቆረቁራል። ልጆቹ ከጠየቁ ጥያቄው ልክ ነው።

46 ላይ ዕረፍት አድርጉ

46 ለብቻው ሙሉ ታሪክ ነው። ሁለተኛውን ምዕራፍ በማግስቱ አትጀምሩ፤ ሳምንት ስጡት። ከ47 እስከ 59 ያሉት አሥራ ሦስት ክፍሎች ማንጋው ላይ የሌሉ፣ ለአኒሜው ብቻ የተፈጠሩ ናቸው። የቸኮለ ሰው ዘልሎ 60 ላይ መግባት ይችላል፤ ሮዝ ጸጉር ያላት ትንሽ ልጅ ከሰማይ የምትወድቅበት ነው። ሦስተኛውን ምዕራፍ ኩኒሂኮ ኢኩሃራ ነው ያዘጋጀው፤ እዚያ ሲደርስ ነገሩ ይጠቁራል፣ ያምራልም።

45ን እና 46ን ግን ለያይታችሁ እንዳታዩ። 45ን ማታ አራት ሰዓት ላይ አይቶ መተኛት አይቻልም፤ ሞክሬዋለሁ።