ዶቃው ለምን ይረግፋል? ለእንጨት መጫወቻ ሠሪዎች ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ውስጥ የእንጨት መጫወቻ የሚሠራ ሰው እንጨቱን ያውቃል። ዋንዛው መድረቁን አንስቶ መዝኖ፣ በጣቱ አንኳኩቶ ይለያል። ዶቃ ላይ ሲደርስ ግን ቀለሟ ያማረችውን አፈፍ አድርጎ ይሄዳል። ከዚያ ዶቃ ያደረገበት የእንጨት ፈረስ ተሽጦ ሳይሰነብት "ዶቃው ረገፈ" ተብሎ ይመለሳል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ዶቃ ስትገዙ ከቀለሟ በፊት ቀዳዳዋን እዩ። ቀዳዳው ሁለት ነገር ይናገራል፤ ክሩን ይበላው እንደሆነና ቀለሙ እስከ ውስጥ ድረስ መሆኑን።

ክሩ ተበጥሶ ዶቃዎቹ ተበተኑ

ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው። ሰው ወዲያው ክሩን ይወቅሳል። ወፍራም ክር ይገዛል፣ እሱም ይበጠሳል።

የተበጠሰውን ጫፍ ወደ ብርሃን አስጠግታችሁ እዩት። ጫፉ ጸጉር አውጥቶ ከሳሳ፣ ክሩ ተፈግፍጎ ነው ያለቀው። ጥርት ብሎ ከተቆረጠ ደግሞ ስለት ነክቶታል። በሁለቱም በኩል መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቀዳዳው አፍ ነው። ትንንሾቹ የብርጭቆ ዶቃዎች ከረጅም ቀጭን ቱቦ እየተቆራረጡ ነው የሚሠሩት። ከተቆረጡ በኋላ በእሳት በደንብ ካልለሰለሱ አፋቸው ላይ ጥርስ ይቀራል። በዓይን ላይታይ ይችላል። ልጁ ፈረሱን በጎተተ ቁጥር ግን ያ ጥርስ ክሩን ትንሽ ትንሽ ይልጠዋል።

ስለዚህ ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ አንድ ክንድ የሚሆን የጥጥ ፈትል ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ዶቃዋን ፈትሉ ላይ አስገቡ፣ ሁለቱን ጫፎች ወጥራችሁ ያዙና ወዲያና ወዲህ ደጋግማችሁ አመላልሷት። ፈትሉ ጸጉር ካወጣ ተዉአት፣ ዋጋዋ ቢረክስም ተዉአት። ሻጭዋን "እትዬ፣ አንዷን ልሞክራት?" ካላችኋት "እሺ የኔ ልጅ፣ ብቻ እንዳትጠፋብኝ" ብላ ትሰጣችኋለች።

ዕቃው አስቀድሞ ቤት ከገባ የአልማዝ ብናኝ የተቀባ ቀጭን ክብ ሞረድ ፈልጉ። ዶቃዋን ውሃ ውስጥ እንዳለች ይዛችሁ አፏን በሁለቱም በኩል ዙሩበት። ውሃው ግዴታ ነው። ብርጭቆ በደረቁ ሲሞረድ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል።

አፉ ለስላሳ ሆኖም ክሩ ካለቀ ጥፋቱ የክሩ ነው። የጥጥ ክር በምራቅና በእርጥበት ይበሰብሳል። ላስቲክ እየቆየ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ጠንካራ ነው፣ ግን ስለሚያንሸራትት ቋጠሮው ይፈታል። እኔ የምመርጠው የተገመደና ሰም የተቀባ የጫማ ሰፊ ክር ነው። ሁለት ጊዜ ቋጥሩት፣ ናይለን ከሆነ ጫፉን በላይተር አቅልጡት። ከዚያ ቋጠሮውን እንጨቱ ውስጥ በበሳችሁት ቀዳዳ ቅበሩና ኮላ የተቀባ የእንጨት ችንካር ምቱበት። ልጅ የሚያገኘውን ቋጠሮ ሁሉ ይፈታዋል፤ የተቀበረውን ግን አያገኘውም።

መጨረሻ ላይ ፈትኑት። የአውሮፓው የመጫወቻ ደረጃ ኢኤን 71 ለትንንሽ ልጆች የሚሠራ መጫወቻ ላይ ያለ ክፍል፣ መጠኑ ከ6 ሚሊሜትር ካለፈ፣ በ90 ኒውተን ጉልበት ለ10 ሰከንድ ሲጎተት እንዳይነቀል ይጠይቃል። ይህ ወደ 9 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ነው። መሣሪያ የለንም ብላችሁ አትተዉት። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ግማሹን ውሃ ሙሉና ክሩ ላይ ቀስ ብላችሁ አንጠልጥሉት። ያንን ከቻለ ለልጅ ይሰጣል።

ቀለሙ ለቀቀ

እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚለየው ቀለሙ የት እንዳለ ነው። አንዳንድ ዶቃ ብርጭቆው ራሱ ቀለም ነው፣ ብትሰብሩትም ውስጡ ያው ነው። ሌላው ነጭ ወይም መስተዋት መሳይ ሆኖ ከላይ ብቻ የተቀባ ነው። ወርቃማው ፕላስቲክና ሉል መሳዩ ዶቃ ብዙ ጊዜ ከዚህ ወገን ናቸው። የተቀባ ነገር ደግሞ በላብ፣ በምራቅና በመፋተግ ይላጣል።

ቀዳዳው ውስጥ ተመልከቱ። ውጩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ የተቀባ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ከዚያ በመርፌ ጫፍ ጫር አድርጉት። ካልተጫረ ጥጥ ላይ ትንሽ አሴቶን ጠብ አድርጋችሁ እሹት። ጥጡ ቀለም ከያዘ አትግዙ። አሴቶን ፕላስቲክን ራሱን ስለሚያሟሟ ይህን የምትሞክሩት በብርጭቆ ዶቃ ላይ ብቻ ነው። ፕላስቲክ ለሆነው መርፌው ይበቃል።

በቀለም የተነከረ የእንጨት ዶቃ ሌላ ፈተና አለው። የጨው ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ጠዋት ጨርቁ ላይ እድፍ ካለ ዶቃው ልጁ አፍ ውስጥም ቀለሙን ይለቃል። ከላይ ቫርኒሽ ቀብቶ መሸፈን መፍትሄ ይመስላል። እኔ አልመክረውም፤ ቫርኒሹ ሲላጥ ችግሩ ካለበት ይቀጥላል።

ይህን ያህል የማጠብቀው የተላጠ ቀለም አስቀያሚ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖር ይችላል። እርሳስ የልጅን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ በመጫወቻ ቀለም ላይ የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን በሚሊዮን 90 እጅ ብቻ ነው። እኛ ገበያ ላይ ቆመን ይህን መለካት አንችልም። የምንችለው የተቀባውን ትተን ቀለሙ እስከ ውስጥ የሆነውን መምረጥ ነው። ክሪስታል እየተባለ የሚሸጠውን ከባድና አንጸባራቂ ብርጭቆም ለመጫወቻ አታድርጉት። እውነተኛው የእርሳስ ክሪስታል ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ አለው።

የፈረሱ ዓይን ከእንጨቱ ወጣ

ዓይን የሆነው ዶቃ በኮላ ተጣብቆ ከሆነ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነጩ የአናጢ ኮላ የሚይዘው እንጨት ውስጥ ሰርጎ ነው። ብርጭቆና ፕላስቲክ ላይ የሚሰርግበት የለውም። ሱፐር ግሉ ይይዛል፣ ግን ደርቆ ተሰባሪ ስለሚሆን መጫወቻው ሲወድቅ ይለቃል። የተሻለው ኢፖክሲ ነው፤ በሁለት ቱቦ ተለይቶ የሚሸጥና ሲሠራበት የሚቀላቀል ኮላ ነው። ከመቀባታችሁ በፊት ዶቃውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት።

ኢፖክሲም ተቀብቶ ከወጣ ወይም እንጨቱ ዓይኑ ዙሪያ ከተሰነጠቀ የተሠራበትን ወር አስቡ። በሐምሌና በነሐሴ የጎንደር አየር እርጥብ ነው፣ እንጨቱም ያብጣል። በጋው ሲገባ ይኮማተራል። ቀዳዳውም አብሮ ይጠባል፣ ዶቃው ግን አይጠብም። አንዱ መሸነፉ አይቀርም። ስለዚህ በደንብ የደረቀ እንጨት ተጠቀሙ። 2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ጥላ ሥር ለመድረቅ በተለምዶ አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ቀዳዳውንም ከዶቃው ግማሽ ሚሊሜትር ያህል አስፉት። ለትንሽ ልጅ የሚሠራ ፈረስ ከሆነ ግን ዓይኑን በጋለ ብረት ተኩሱት። የሚረግፍ ነገር አይኖርም።

ዶቃው ራሱ ተሰነጠቀ

ፕላስቲክ ከሆነ ፀሐይ አድርቆታል፣ ወይም ከመጀመሪያውም ተሰባሪ ነበር። አንዷን በፒንሳ ጫን በሏት፤ ድንገት ከፈነዳች ሌላ ፈልጉ። የብርጭቆ ዶቃ ከሆነ እርስ በርሱ እየተጋጨ ነው። በየሁለቱ ዶቃ መሃል ቋጠሮ ወይም ቀጭን የእንጨት ቀለበት አስገቡ።

ልጁ አፉ ውስጥ ከተተው

ይህ ከሆነ በኋላ የሚጠገን ነገር የለም፤ መፍትሄው ሥራው ሳይጀመር ነው። ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ትንሽ ዶቃ አይደረግም። የመጫወቻ ደረጃዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ ስፋቱ 31.7 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ዕቃ ነው፤ ውስጡ ሙሉ በሙሉ የገባ ነገር ያንቃል ተብሎ ይቆጠራል። ቤት ውስጥ የሶፍት ማጠንጠኛ ካርቶን ተጠቀሙ። ከመለኪያው ትንሽ ይሰፋል፣ ስለዚህ በእሱ የሚያልፈውን ሁሉ መጣል ከስህተት ያድናል። መጎተቻ ገመዱንም አሳጥሩት። ለጨቅላ በሚሠራ መጫወቻ ላይ ከ22 ሳንቲሜትር እንዳይበልጥ፣ አንገት ላይ ይጠመጠማል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የጉሎ ፍሬ መልኩ ስለሚያምር በስቶ ዶቃ ማድረግ የሚያምረው ሰው አለ። ጉሎ ውስጥ ሪሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አለ። ሲበሳና ሲታኘክ ነው የሚወጣው። ቀይ ሆና ጫፏ ላይ ጥቁር ያላት ትንሽ ፍሬም እንዲሁ መርዛማ ናት። የፍሬ መልክ ከፈለጋችሁ ከደረቀ የወይራ ቁራጭ ቶርኖ ላይ አውጡት። መስመሩ በራሱ ያምራል፣ ቀለም አይፈልግም፤ ቀዳዳውንም እንደፈለጋችሁ ታለሰልሱታላችሁ።