ለባለ አንድ ማርሽ የተራራ ብስክሌት የኋላ ሞዞ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የተራራ ብስክሌታቸውን ወደ አንድ ማርሽ መለወጥ የሚፈልጉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ፒኞኑ (ካቴናውን ከኋላ ስለሚይዘው ባለ ጥርስ ቀለበት) የጥርስ ብዛት ነው። ከፊት 32 ከኋላ 20 ጥርስ (32 በ20) ይሻላል ወይስ 32 በ18 እያሉ ይከራከራሉ፤ ይህ ግን ቢሳሳቱበት እንኳ በጥቂት ገንዘብ የሚታረም ጉዳይ ነው። በቀላሉ የማይታረመው የኋላ ሞዞው፣ ማለትም የጎማው እምብርት፣ ነው፤ አንዴ በሽቦ ከቸርኬው ጋር ተያይዞ ከተወጠረ በኋላ የተሳሳተ መሆኑ ቢታወቅ ጎማው በሙሉ ፈርሶ እንደገና መሠራት ይኖርበታል። በተለይ እቃው ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የሚመጣ ከሆነ መልሶ መለወጥ የማይታሰብ ነው። ጎማ መሥራት ሙያዬ ስለሆነ እነዚህ ስህተቶች ሲደጋገሙ አያለሁ፤ ጀማሪዎች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት እንዲያውቋቸው ስለምፈልግም እንደ ክብደታቸው አቀርባቸዋለሁ።

አስቀድሞ ሞዞው የሚሸከመውን ኃይል መረዳት ያስፈልጋል። ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌተኛ ዳገት ሲበረታበት የሚቀይረው ማርሽ ስለሌለው ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ መሪውን ወደ ራሱ እየሳበ፣ በሙሉ ክብደቱ ፔዳሉን ይረግጣል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ርዝመቱ 175 ሚሊሜትር በሆነ የፔዳል ክንድ ላይ እንዲህ ቢቆምና የፊት ኮሮናው 32 ጥርስ ቢኖረው፣ ካቴናው ከ200 ኪሎ በላይ በሆነ ጉተታ ይወጠራል። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ጉተታ ካለማስታወስ የሚመጡ ናቸው።

ቴላዮውን ሳይለኩ መግዛት

ሞዞው የሚገባበት የቴላዮው የኋላ ክፍተት እንደየዘመኑ ይለያያል። ለረጅም ጊዜ የተራራ ብስክሌት መለኪያ ሆኖ የቆየው 135 ሚሊሜትር ነው፤ ቀጥሎ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ባለውና ከዳር እስከ ዳር በሚያልፍ ፔርኖ የሚታሰረው 142 መጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ቡስት የሚባለው 148 ተስፋፋ። 142 ከ135 የሚለየው በግራና በቀኝ 3.5 ሚሊሜትር ያህሉ ቴላዮው ውስጥ በመቀበሩ ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ሞዞዎች የዳርና የዳር ክዳናቸው ተቀይሮ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራሉ። በ148 ላይ ግን ሽቦዎቹ የሚሰኩባቸው የሞዞው ክንፎችም ፒኞኑም የፍሬኑ ዲስክም በ3 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ስለተገፉ ክዳን መቀየር ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ የብስክሌቱን ስም ወይም የተሠራበትን ዓመት አምነው አይዘዙ፤ ጎማውን አውጥተው በቴላዮው ሁለት የውስጥ ገጾች መካከል ያለውን ርቀት በካሊብሮ ይለኩ። «ለአንድ ማርሽ የተሠራ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ሞዞ ብዙ ጊዜ ለውድድር ሜዳ ብስክሌት የተሠራ 120 ሚሊሜትር ነው፤ ይህን ገዝተው ቴላዮውን ጨምቀው ለማሰር የሚሞክሩ አሉ። አሉሚኒየም ወይም ካርቦን የሆነን ቴላዮ ማጥበብም ሆነ ማስፋት ፈጽሞ አይገባም፤ ስንጥቁ የሚታየው በዕለቱ ሳይሆን ከወራት በኋላ ቁልቁለት ላይ ነውና።

የካቴናውን መስመር መርሳት

ብዙ ማርሽ ባለው ብስክሌት ላይ ካቴናውን የሚመራና የሚወጥር መሣሪያ አለ። በባለ አንድ ማርሽ ላይ ይህ ስለሌለ ኮሮናውና ፒኞኑ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ መሆን አለባቸው፤ ያለዚያ ካቴናው ድንጋይ ላይ በተንገጫገጩ ቁጥር ይወልቃል። ከመቀመጫው ሥር ከሚወርደው ቱቦ ዳር እስከ ኮሮናው ጥርስ መሐል ለክተው የቱቦውን ውፍረት ግማሽ ይደምሩ፤ በ135 ቴላዮ ላይ ብዙ ጊዜ ወደ 50 ሚሊሜትር የሚጠጋ ቁጥር ያገኛሉ። ከውድድር ሜዳ የመጣው ሞዞ ፒኞኑን የሚያስቀምጠው 42 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ በዚህም ምክንያት ለተራራ አይመችም። ፒኞኑን በቀለበቶች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማንቀሳቀስ የሚያስችል ፍሪሀብ (ፒኞኑ የሚሰካበት ክፍል) ያለው ሞዞ ይህን ችግር ከሁሉም በተሻለ ይፈታል።

ቀጭን ፒኞን በአሉሚኒየም ፍሪሀብ ላይ ማሰር

ስለዚህኛው ሳልሰለች እናገራለሁ፤ ጥሩ ጥሩ ሞዞዎች ሲበላሹ ያየሁት በዚህ ስህተት ነው። ፍሪሀብ ማለት ፒኞኑ የሚሰካበት፣ በዙሪያው ሸንተረሮች ያሉት፣ ኃይልን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስተላልፈው የሞዞው ክፍል ነው። ክብደት ለመቀነስ ሲባል በብዙ ሞዞዎች ላይ ከአሉሚኒየም ይሠራል። ሰዎች ደግሞ ከአሮጌ የማርሽ ስብስብ ላይ አንድ ፒኞን ፈልቅቀው፣ ወይም ርካሽ የመለወጫ እቃ ገዝተው፣ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለውን ብረት በዚያ ለስላሳ አሉሚኒየም ላይ ያስሩታል።

ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ሞዞውን የሚሰብረው የመጠምዘዝ ኃይሉ ከባለ ብዙ ማርሽ ስለሚበልጥ ነው ሲባል በተደጋጋሚ እሰማለሁ፤ ስሌቱ ግን የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ቀደም ሲል የጠቀስኩት ብስክሌተኛ በ32 በ20 ሲረግጥ ወደ ሞዞው የሚደርሰው 86 ኒውተን ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ በ32 በ50 ቢረግጥ 214 ይደርሳል። ልዩነቱ ያለው ኃይሉ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። በማርሽ ስብስብ ውስጥ ትልልቆቹ ፒኞኖች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰፊ ተሸካሚ ላይ ተያይዘው ስለሚሰኩ ጭነቱ በሸንተረሮቹ ርዝመት ላይ ይከፋፈላል፤ ብቻውን የተሰካ ቀጭን ፒኞን ግን ያነሰውን ጭነት እንኳ በአንዲት ጠባብ መስመር ላይ ያሳርፈዋል፣ ደግሞም በእያንዳንዱ ርግጫ በዚያችው መስመር ላይ።

እንዲህ ያለውን ሞዞ ስፈታ የማየው ሁልጊዜ አንድ ነው። ማሰሪያው ቀለበት ይወጣል፣ የግራና የቀኙ ማስተካከያ ቀለበቶች ይወጣሉ፣ ፒኞኑ ግን አይንቀሳቀስም። በእያንዳንዱ ሸንተረር ጎን ላይ በሞረድ የተቆረጠ የሚመስል ጉድጓድ ተፈጥሮ የፒኞኑ ጠርዝ ውስጡ ተቀርቅሯል፤ ጥፍር ሲያሳልፉበት ይይዛል። በመዶሻ እየተመታ ሲወጣ የአሉሚኒየም ስብርባሪ ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የተለየ ስፋት ያለው ፒኞን ወይም የተለየ የካቴና መስመር ቢፈልጉ አዲሱ ፒኞን የሚያርፍበት ጤናማ ሸንተረር የለም። አንድ ወጣት ደንበኛዬ ከአሜሪካ በእኅቱ እጅ ያስመጣውን ውድ ሞዞ በአንድ ክረምት እንዲህ አድርጎት ወደ እኔ አመጣው፤ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ይሰማው የነበረው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከኩሽኔታው የመጣ መስሎት ኩሽኔታውን ሁለት ጊዜ አስቀይሮ ነበር። ሞዞውም ኩሽኔታውም ጤነኛ ነበሩ፤ ያለቀው ፍሪሀቡ ብቻ ነበር።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ፍሪሀቡ ከአረብ ብረት ወይም ከቲታኒየም የተሠራ ሞዞ ይምረጡ፤ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ይኖራል። ወይም ደግሞ ታችኛው ክፍሉ ሰፍቶ የተሠራ ፒኞን ይግዙ፤ ክሪስ ኪንግና ሰርሊ የተባሉት አምራቾች እንዲህ ያለውን ይሠራሉ፤ ዋጋውም አንድ ፍሪሀብ ከመቀየር ያንሳል። የፍሪሀቡን ዓይነትም ያረጋግጡ። ለአንድ ማርሽ የሚሸጡት ፒኞኖች አብዛኞቹ የተሠሩት ለተለመደው የሺማኖ ኤችጂ ሸንተረር ነው፤ ኤክስዲ በሚባለው የስራም ፍሪሀብ ላይም ሆነ ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ2018 ባመጣው ማይክሮ ስፕላይን ላይ አይገቡም።

የጠቅታን ብዛት እንደ ጥራት መቁጠር

ሻጮች ስለ ሞዞ ሲናገሩ መጀመሪያ የሚጠሩት ቁጥር ፍሪሀቡ በአንድ ዙር ስንት ጊዜ ጠቅ ብሎ እንደሚይዝ ነው። 18 ጊዜ የሚይዝ ሞዞ እስኪይዝ ድረስ ቢበዛ 20 ዲግሪ ይዞራል፤ 36 ከሆነ 10፣ 72 ከሆነ 5 ዲግሪ። ይህ ግን በሞዞው ላይ የሚለካ ነው፤ እግርዎ የሚያውቀው የፔዳሉን ጉዞ ነው። በ32 በ20 ላይ 18 የሚይዘው ሞዞ ፔዳሉን ቢበዛ 38 ሚሊሜትር ያህል በባዶ ያስኬደዋል፣ 36ቱ 19፣ 72ቱ ደግሞ ከ10 በታች። በድንጋያማ ዳገት ላይ ፔዳሉን ግማሽ ዙር እየመለሱ ለሚረግጡ ሰዎች ከ18 ወደ 36 መሄድ በእርግጥ ይሰማል። ከ36 ወደ 72 መሄድም ያስደስታል፣ ግን የብስክሌቱን ባሕርይ አይለውጥም። ከዚያ በላይ ያለውን ቁጥር ገንዘብ የተረፈው ይግዛው።

ሊጠየቅ የሚገባው የሚይዘው ነገር ጥንካሬ ነው። አንዳንዱ ሞዞ በምንጭ ሽቦ በሚገፉ ጥቂት ጥፍሮች ይይዛል፤ ዲቲ ስዊስ የተባለው አምራች ዓይነቱ ደግሞ ሁለት ጥርሳማ ቀለበቶች በሙሉ ፊታቸው ይገጥማሉ። ጥፍር ያለውን ከመረጡ ውስጡን በወፍራም ግራሶ አይሙሉት፤ ጥፍሩ በግራሶ ተይዞ ግማሽ ድረስ ብቻ ሲነሣ፣ ቆመው በረገጡበት ቅጽበት ያመልጥና ጉልበትዎ ከመሪው ጋር ይጋጫል።

በብሎን ጥርስ የሚታሰረውን ሞዞ መናቅ

እዚህ አገር በርካሽ ብስክሌቶች ላይ በብዛት የሚገኘው፣ ፍሪዊሉ (ፒኞኑና ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዘው ክፍል አንድ ላይ የሆኑበት እቃ) በቀጥታ በብሎን ጥርስ የሚጠመጠምበት ሞዞ ነው፤ ለመጀመሪያ ሙከራም ነውር የለበትም። የጎማ ፍሬን ባለው ብስክሌት ላይ ከሆነ፣ ስድስትና ሰባት ማርሽ ይይዝ የነበረውን ወደ አንድ ሲቀይሩ በቀኝ በኩል የሚተርፉትን ቀለበቶች ወደ ግራ አዛውረው ቸርኬውን እንደገና ያማክሉት፤ የሁለቱ ጎን ሽቦዎች ውጥረት ይቀራረብና ጎማው ከበፊቱ ይጠነክራል። ዲስክ ፍሬን ካለው ግን ዲስኩ ከቦታው ስለሚንቀሳቀስ ይህን አያድርጉ። ስህተቱ ያለው ጥርሱን ግራሶ ሳይቀቡ ማሰር ላይ ነው። እያንዳንዱ ርግጫ ፍሪዊሉን የበለጠ ያጠብቀዋል፤ ደረቁን የታሰረ ከሆነ የመፍቻውን መሣሪያ በሞርሳ አስረው ጎማውን በሁለት እጅ ቢጠመዝዙት እንኳ ላይወጣ ይችላል። ከ16 በታች ጥርስ ያለው ፍሪዊል ለዚህ የብሎን ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ እንደማይሠራም ይወቁ።

ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚያቆም ሞዞ

ፍሬኑ ውስጡ ያለ፣ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚያቆም ሞዞ ለከተማ መልካም ነው። ለረጅም ቁልቁለት ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1976 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ፌርፋክስ አቅራቢያ በአሮጌ ብስክሌቶች የቁልቁለት ውድድር ያደርጉ የነበሩት የተራራ ብስክሌት ጀማሪዎች አንዴ ወርደው ሲጨርሱ ግራሶው ተቃጥሎ ስለሚያልቅ ሞዞውን ፈተው እንደገና ይሞሉት ነበር፤ ውድድሩም «ሪፓክ» (እንደገና መሙላት) የተባለው በዚሁ ነው።

ጎማውን የሚይዘውን ማሰሪያ ችላ ማለት

ካቴናው በሚወጠርበት ጊዜ የፔርኖውን ቀኝ ጫፍ ወደ ፊት ይጎትታል። የቴላዮው የፔርኖ መቀመጫ ወደ ኋላ የተከፈተ አግድም ዓይነት ከሆነ ይህን ጉተታ የሚከላከለው የማሰሪያው ጭምቀት ብቻ ነው። በቀላል አሉሚኒየም የተሠራ ፈጣን መክፈቻ ለዚህ አይበቃም። እንጦጦ ዳገት ላይ ከፊቴ ቆሞ የሚረግጥ ጓደኛዬ ጎማው በድንገት ተጣሞ የቴላዮውን የግራ ክንድ ሲፈትግ አይቻለሁ፤ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እሱ ግን አልቆመም። ለእንዲህ ያለ ቴላዮ 10 ሚሊሜትር የሆነ ድፍን ፔርኖና ጥሩ ዳዶ ያለው ሞዞ ይምረጡ፤ የካቴና መወጠሪያ ብሎን ቢጨመርበት ደግሞ የበለጠ ያስተማምናል። መቀመጫው ወደ ታች የተከፈተ ከሆነ ጎማው አይንሸራተትም፣ ካቴናውን ለመወጠር ግን ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። ፔርኖው ከማዕከሉ ወጣ ብሎ የተሠራው ኋይት ኢንዱስትሪስ የተባለው አምራች ኢኖ ሞዞ የተፈለሰፈው ለዚህ ነው፤ ሞዞውን በማዞር ብቻ ጎማው ወደ ኋላ ይሄዳል።

የክንፎቹን ርቀት አለመጠየቅ

ለብዙ ማርሽ የተሠራ ሞዞ ቀኝ ክንፉ ለማርሾቹ ቦታ ለመልቀቅ ወደ መሐል ስለሚገፋ የቀኝ ሽቦዎች በጣም ሲወጠሩ የግራዎቹ ይላላሉ። ለአንድ ማርሽ ብቻ የተሠራ ሞዞ ፍሪሀቡ አጭር ስለሆነ ክንፉን ወደ ውጭ ይመልሰዋል። በትልቁ የ29 ኢንች ጎማ ላይ ይህ ልዩነት በግልጽ ይሰማል። ወደፊት ወደ ማርሽ የመመለስ ሐሳብ ከሌለዎት ይህንኑ ይግዙ፤ ካለዎት ግን አይግዙ፣ የማርሽ ስብስብ አይገባበትምና።

የቀሩትን በአጭሩ ልበል። 32 ቀዳዳ ያለውን ይምረጡ። ጭንቅላቱ የታጠፈ ተራ ሽቦ የሚቀበለውን እንጂ ቀጥተኛ ሽቦ የሚፈልገውን አይውሰዱ፤ አንድ ሽቦ ሲሰበርብዎ ምትክ አያገኙምና። ዲስኩ በስድስት ብሎን ይታሰር እንደሆነ ወይም በመሐል ቀለበት፣ አሁን ካለዎት ዲስክ ጋር ያመሳክሩ። ኩሽኔታው የታሸገ ከሆነ እንደ 6902 ያለ መደበኛ ቁጥር ላዩ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ እንዲህ ያለውን ከማንኛውም የኩሽኔታ ሻጭ መግዛት ይቻላል። የፍሪሀቡ መለዋወጫ ለብቻው የሚሸጥ መሆኑንም ሞዞውን ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ፤ የማይሸጥ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።